በአራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሰባተኛውን ፎቅ ለገዙልን ባለአደራዎች

ለማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ
የባለአደራዎች ቦርድ ክቡር ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ ቦርዱ በኢንቨስትመንት ሥልጠና ስላገኘው ዕውቀት፣ እኛም ከዕውቀቱ ስለደረሰን ድርሻ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና የተከበሩት ስድስት የቦርድ አባላት እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ጤና፣ ሰላምና በተለይም ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ። ረጅም ዕድሜ ስል ለደብዳቤ ማሳመሪያ አይደለም፣ ከልቤ ነው። ጡረታ ወጥተው፣ ከወጡም በኋላ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያህል፣ እርስዎ ራስዎ ከመሩት ከዚህ ፈንድ በሚከፈልዎት ገንዘብ ብቻ ሲኖሩ ለማየት ያብቃን።

እኔ በዚህ ማተሚያ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት አራሚ ሆኜ ያገለገልኩ፣ ጡረታዬ አላዳርስ ስላለኝም አሁን በሳምንት ሦስት ቀን በኮንትራት እየገባሁ የማርም ሰው ነኝ። አራሚ ማለት ሌላው የጻፈውን ከመታተሙ በፊት አንብቦ ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ የሚለቅም ሰው ነው። ሥራው ሰው አያስወድድም፤ ዓይንን ያደክማል፣ አመልም ያበላሻል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ቢያገኙ ከሙያው የመጣ ነውና በሆደ ሰፊነት ይለፉልኝ። ደብዳቤውን በአደባባይ ማውጣቴም ከድፍረት አይደለም። ቀደም ብዬ ለጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ በሦስቱም ላይ «ደርሷል» የሚል ማኅተም ተመትቶልኛል። ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው፣ ቀለሙም አልፈሰሰም። ከዚያ ወዲህ ግን የደረሰ ነገር የለም።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። እኛ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች በየወሩ ከደመወዛችን እየተቆረጠ ለእርጅናችን የሚቀመጥ ገንዘብ ነበረን፤ የሚጠብቁልንም ሰባት ሰዎች ናቸው። ባለአደራ ይባላሉ። አደራ በእኛ አፍ ቀላል ቃል አይደለም፤ ሰው ልጁን ወይም ቤቱን ለጎረቤት ትቶ ሲሄድ፣ ሲሞትም ቢሆን የመጨረሻ የሚናገረው እሱን ነው። ባለፈው ዓመት ታዲያ ሰባቱ ባለአደራዎች ገንዘብን በዘዴ ለማዋል ዕውቀት ያስፈልገናል ብለው፣ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የአምስት ቀን የኢንቨስትመንት ሥልጠና ወሰዱ። እሰየው አልን። ሳያውቁ ከሚይዙት አውቀው ይያዙልን ብለን ወጪውን ከዚያው ከእኛው ገንዘብ መሸፈኑን እንኳን በደስታ ተቀበልን። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን ምክሩን እናንተ ወስዳችሁ መከራውን ለእኛ ትታችሁልናል። ለዚህ ክፍፍል ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መጽሐፉ።

ለሥልጠናው የታተመው መመሪያ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። በሥራዬ ምክንያት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ደግ መጽሐፍ ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ፣ የብዙ ሰው የእርጅና ገንዘብ አንድ ቦታ አይከማችም፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲያቆመው በየቦታው ይዋል ይላል። አምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ፣ የሚመክርህ ሰው ዕቃውንም የሚሸጥልህ ከሆነ ምክሩን በጆሮህ ስማ፣ እጅህን ግን ወደ ኪስህ አትስደድ ይላል። ከቀለም ይልቅ ሙጫ ሲሸተኝ የኖርኩት እኔ እንኳን ተረድቼዋለሁ። አንዳንዱን ምሳሌ ወድጄው ቤት ገብቼ ለእህቴ አውርቼላታለሁ።

እህቴን ላስተዋውቅዎት። ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝም፣ እጄን ይዛ እዚህ ማተሚያ ቤት ያስገባችኝም እሷ ናት። ራሷ በጥረዛ ክፍል ሠላሳ አራት ዓመት መጽሐፍ ስትሰፋና ስትለጥፍ ኖራለች። በዚህ ከተማ ያለ የመዝገብ ጀርባ ሁሉ አንድ ጊዜ በእሷ መዳፍ አልፏል ብል ብዙ አላጋነንኩም። አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ የዓይን ግፊት ይዟት ቀኝ ዓይኗ ጠፍቷል፣ የግራውም እየደከመ ነው።

ሥልጠናው ባለቀ በወሩ ከጽሕፈት ቤትዎ የተወገደ ወረቀት በጆንያ ታስሮ መጣልን፤ ጆንያውን ስፈታ ከሰባቱ መመሪያዎች አራቱ ውስጡ አሉ። የአንደኛው ሽፋን ላይ የእርስዎ ስም በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ለእህቴ ወሰድኩላት። ተቀበለችኝና በአውራ ጣቷ ጀርባውን ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው፤ ሽፋኑን ትንሽ ጎንበስ አደረገችው፤ የገጹን ጠርዝ በጥፍሯ ሞከረችው። «ይሄ መጽሐፍ አንድም ቀን አልተከፈተም» አለችኝ። «ጀርባው አልላላም። ገጹም ከመቁረጫው እንደወጣ ተጣብቋል። የማን ነው?» የሰብሳቢው ነው አልኳት። መጽሐፉን መለሰችልኝና «መቼም ንጹሕ ሰው ነው፤ አላቆሸሸውም» አለች። ምስጋናዋን እንዳለ አስተላልፌያለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈተናው።

በሥልጠናው የመጨረሻ ቀን አሥር ጥያቄ ያለው ፈተና እንደሚሰጥ፣ ሰባትና ከዚያ በላይ ያመጣም የምስክር ወረቀት እንደሚቀበል ተወስኖ፣ ጥያቄውና የመልሱ ቅጠል እንዲታተም ወደ እኛ ተላከ። ለሰባት ሰው ፈተና ማተሚያ ቤት ማስነሣት ለምን እንዳስፈለገ አላውቅም፤ ለክብር ይሆናል። በእኛ ቤት ወግ ከማንኛውም ሥራ በመጀመሪያ ሁለት የሙከራ ቅጠል ይወጣል፤ ፕሩፍ እንለዋለን። አንዱ ለአራሚው ይሰጣል፣ ሁለተኛው ምንም ሳይነካ ለመዝገብ ይቀመጣል። ፊደል ለቃሚያችን የመልሱን ቅጠል ስትደረድር መስመር ስታ የሰባተኛውን፣ የስምንተኛውንና የዘጠነኛውን ጥያቄ መልስ አዛብታው ነበር። እኔ በእጄ ባለው ቅጠል ላይ በቀይ አቃናሁት፤ የተቃናው ታትሞ፣ ታሽጎ ለፈታኙ ሄደ። ለመዝገብ የተቀመጠው ግን ከነስህተቱ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው የቦርዱ ሾፌር መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ አይዋሽም፤ ምን ፈልጎ እንደመጣ ብጠይቀው «ጋሼ፣ እኔን ምን ያደርጉኛል፣ አንዲት ቅጠል አለች፣ ይዘሃት ና ነው የተባልኩት» አለኝ። ቅጠሊቱን ከመዝገብ ክፍል ተቀብሎ ወጣ። የመውጫ መዝገባችን ላይ «አንድ ቅጠል፣ ለቦርዱ» ብሎ ፈርሟል፤ ፊርማው ዛሬም አለ። ፈተናን ከነመልሱ ማግኘትም አንዱ የኢንቨስትመንት ዘዴ ነውና አልነቅፍም። መረጃ ከሁሉ የሚበልጥ ሀብት መሆኑን መጽሐፉም በሁለተኛው ምዕራፍ ጽፎታል።

ያን ሰዓት እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፣ ክቡር ሆይ። ሾፌሩ ይዞት የሚሄደው ያልታረመው ቅጠል መሆኑን ቀይ እንደሌለበት አይቼ ገና ከሩቅ አውቄያለሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። አልተነፈስኩም፤ ሳቅሁ። ይውደቁ፣ የእጃቸውን ያግኙ ብዬ እየሳቅሁ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ማለፊያው ሰባት መሆኑን የሚናገረውን መስመር ያረምኩት እኔው ነበርኩ፤ ከአሥር ላይ ሦስት ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ግን አላሰብኩም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ፌዝ የተጻፈች አንዲት አንቀጽ ብትኖር ይህች ናት። ያን ቀን በመሳቄ አፍራለሁ፤ ሌሊትም ሆነ ቀን ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የሥልጠናው ሪፖርት ሊታተም በእኔው እጅ ሲያልፍ ሰባታችሁም ከአሥር ሰባት ማግኘታችሁን፣ ሰባታችሁም የሳታችሁት እነዚያኑ ሦስቱን መሆኑን አነበብኩ። አሰልጣኙ ይህንን «የሚያስቀና የቡድን መንፈስ» ብሎ ጽፎታል፤ ዐረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስህተት ስላልነበረበት እንዳለ አሳለፍኩት።

ሰባተኛው ጥያቄ የፈንዱ ገንዘብ እንዴት ይዋል የሚል ነበር። እናንተ፣ ጥሩ አጋጣሚ ከተገኘ አብዛኛው በአንድ ንብረት ላይ ይዋል አላችሁ። ስምንተኛው፣ አማካሪው ራሱ ሻጭ ሲሆን ባለአደራ ምን ያደርጋል ይላል፤ ንብረቱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ምክሩን ይቀበላል አላችሁ። ዘጠነኛው፣ ፈንዱ ጉዳት ሲደርስበት አባላት መቼ ይነገራቸው የሚል ነው፤ ሁኔታው ሲረጋጋ ብላችሁ አከበባችሁ። በትክክል የመለሳችኋቸውን ሰባት ጥያቄዎች በሥራ ስታውሉ እስከ ዛሬ አላየሁም። የሳታችኋቸውን ሦስቱን ግን አንድም ሳታስቀሩ፣ በቅደም ተከተላቸው ፈጽማችኋል። ሥልጠናው ከንቱ ቀረ የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ የምከራከራቸው በዚህ ነው። ተማሪ ማለት እንዲህ ነው፣ የያዘውን ወደ ሥራ የሚለውጥ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሕንፃው።

አሰልጣኙን ሁላችሁም «ዶክተሩ» ነው የምትሉት፤ የምን ዶክተር እንደሆነ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ እኔም ዶክተሩ እላለሁ። ሾፌራችሁ እንዳጫወተኝ፣ ዶክተሩ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ የባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ሞዴል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። የፕላስቲክ ዛፎች አሉት፤ ጣት የምታካክል መኪናም ደጁ ላይ ቆማለች፤ ማብሪያው ሲጫን መስኮቶቹ በርተው ይታያሉ። እርስዎ ጎንበስ ብለው መስኮቶቹን ቆጠሩ አሉ። ከዚያም ደጃፉ ላይ ወዳለችው ጥፍር የምታህል ሴትዮ አመልክተው ምን እንደያዘች ጠየቁ። ዶክተሩም «ገበያተኛ ናት፣ ከእናንተ ፎቅ ገዝታ መውጣቷ ነው» አለዎት። ይህን ስሰማ ለሴትዮዋ አዘንኩ፤ ምን ዓይነት መሰላል ይዛ እንደወጣች አሰብኩ።

ከሥልጠናው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ከፈንዱ አምስት እጅ አራቱን ለዶክተሩ ከፍላችሁ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ፎቅ ገዛችሁልን። ቦታው ድረስ ሄጄ አይቻለሁ። ሕንፃው አራት ፎቅ ነው። ከአራተኛው በላይ ያለው ብረት ነው፤ ሰማይ ላይ ቆሞ ይዝጋል። ከብረቱ በላይ እርግቦች ያልፋሉ፤ በእኔ ግምት የሚያልፉት በስድስተኛው ፎቅ ኮሪደር በኩል ነው፣ ኪራይ ግን አይከፍሉም። ግቢው ውስጥ ያገኘሁትን ጥበቃ ስለ ፎቆቻችን ብጠይቀው «አባባ፣ እኔ የምጠብቀው አሸዋውን ነው፤ ፎቅ ጠብቅ ያለኝ የለም» አለኝ። እሱም ደመወዝ ካየ አራት ወሩ ነው። የዶክተሩን ስልክ ስጠይቀው ሳቀ፤ ስልኩን አንሥቶ ሊያሰማኝ ሞከረ፣ ጥሪው ሳይገባ ቀረ።

ውሉን ያሳየኝ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ አልናገርም። በአራተኛው ገጽ «ገዢው ወለሎቹን ባሉበት ሁኔታ ተረክቧል» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም የእርስዎ ፊርማ አለ። እንደ አራሚ ስናገር በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የማርመው ነገር አላገኘሁም። ወለሎቹ ያሉበት ሁኔታ አለመኖር ነው፤ እርስዎም በሥርዓቱ ተረክበውታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እያልን የምንተርተው ለድሃ ሰው ምኞት ነበር፤ ዛሬ በእናንተ ጥረት ማኅተም ያለበት የባለቤትነት ሰነድ ሆኗል። ከዚህ በላይ የተረት ዕድገት አላውቅም።

አራተኛ፣ ስለ ዝምታችሁና ስለ እህቴ ዓይን።

ሁኔታው እስኪረጋጋ ሰባት ወር ታገሣችሁን። በስምንተኛው ወር «ጊዜያዊ ማስተካከያ» የሚል አንድ ገጽ ደረሰን፤ ጡረታችን በግማሽ ተቀነሰ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ወር ሆኖታል፤ ጊዜያዊው አልሞት ብሏል።

እህቴ ያን ሰሞን ለግራ ዓይኗ ቀዶ ሕክምና ቀን ተቆርጦላት ነበር። ሐኪሙ ያስረዳን ነገር ሕፃን እንኳን ይገባዋል፦ በዚህ በሽታ የጠፋ ብርሃን አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ለማትረፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ቶሎ ነው፤ ነገ ማለት ከቀረው ላይ መቁረጥ ነው። ለሁለት ዓመት ያጠራቀምነውና ከሁለታችን ጡረታ ሊጨመርበት የታሰበው ተደምሮ ይበቃት ነበር። ጡረታው ሲቀነስ ያጠራቀምነው ለቤት ኪራይና ለምግብ ሄደ፤ ቀኑም አለፈ። በፈንዱ ደንብ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ መሠረት ለአባላት የሕክምና ድጋፍ አለና አመልክቺ አልኳት። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩላት፤ እሷ ከሥሩ ፈረመች። ፊርማዋ ከመስመሩ በላይ ወጥቶ ነበር።

መልሳችሁ በሁለት ወሩ መጣ፤ እኔው አነበብኩላት። «የአመልካቿ ጉዳይ ቦርዱ ሁለተኛውን ዙር ሥልጠና አጠናቆ ሲመለስ በአጀንዳነት ይያዛል» ይላል። ሁለተኛው ዙር በዚያው ሆቴል፣ አምስት ሌሊት ነው። እህቴ አልተቆጣችም። መቆጣት አይሆንላትም። «ይማሩ እንግዲህ፣ ትምህርት ጊዜ ይፈልጋል» አለች። እርስዎን ደግሞ በልዩ ዓይን ነው የምታየዎት፤ ጡረታ በወጣች ዕለት እጇን ጨብጠዋታል። «እጁ ለስላሳ ነው፣ እንዲህ ያለ እጅ ሰው አይጎዳም» ትላለች እስከ ዛሬ። በእጅ ዳብሳ የመጽሐፍን ሆድ የምታውቅ ሴት በሕይወቷ የተሳሳተችው ይህን አንድ እጅ ሲሆን ማየት ያበሽቀኛል።

የዓይን ጠብታዋን በቀን ሁለት ጊዜ ማድረግ ነበረባት። አንድ ጠርሙስ ወር ይቆይ የነበረው አሁን ሁለት ወር ይቆያል። ለምን ብዬ ስጠይቃት «እጄ ለምዶ ነው፣ አሁን አንዲት ጠብታ አላባክንም» አለችኝ። ውሸቷን ነው። በቀን አንዴ አድርጋዋለች፣ እኔም እንዳላወቅሁ ሆኛለሁ፤ ምክንያቱም አውቄ የምጨምርበት የለኝም። ክቡር ሆይ፣ እጠላችኋለሁ። ሥነ ሥርዓት ባለው አማርኛ ሌላ የምገልጽበት ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ ይህቺን እንዳለች ተቀበሉኝ።

አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ምስጋናዬ ገና አልተሠሩም። ሆኖም ባሉበት ሁኔታ እንደተረከቧቸው ይቁጠሩልኝ።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ትንሽ ነው። የጠፋው ገንዘብ ይመለስልን አልልም፤ ሰማይ ላይ የወጣ ነገር እንዴት እንደሚወርድ መጽሐፉም አላስተማረም። ሥልጣን ልቀቁም አልልም፤ ብትለቁ በምትካችሁ የሚመጡት እንደገና ሊሠለጥኑ ነው። የሆቴሉን የዋጋ ዝርዝር አይቻለሁ። ሰባት ሰው በዚያ ሆቴል አንድ ሌሊት የሚያድርበት ሂሳብ ከእህቴ ቀዶ ሕክምና ዋጋ ጥቂት ይበልጣል። ከአምስቱ ሌሊት አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ቤታችሁ እደሩና ያን ገንዘብ በደንቡ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ስጧት። ሥልጠናው እንዳይጎድልባችሁ አራቱን ሌሊት ተማሩ። ከአምስተኛው ቀን ትምህርት የሚያመልጣችሁ ካለ እኔ መጥቼ በነፃ አነብላችኋለሁ፤ መጽሐፉን በቃሌ ይዤዋለሁ። የዘንድሮው ፈተና የመልስ ቅጠልም ገና ከአሁኑ በእጄ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱንም ፕሩፍ አርሜያቸዋለሁና ሾፌሩን መላክ ብትፈልጉ አትስጉ።

የሰጠናችሁን አደራ እንደምትጠብቁት ለሃያ ዓመት አንድም ጥያቄ ሳንጠይቅ ላመንን ለእኛም ይቅርታን እየለመንኩ፣ ለቦርዱ ጉባኤዎች ረጅም ቃለ ጉባኤ፣ ለሆቴሉ ጥሩ ወቅት፣ ለሐይቁም ነፋሻማ አየር እየተመኘሁ፣ ደግሜ ደጋግሜ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ዘወትር አክባሪዎ
የማተሚያ ቤቱ የቀድሞ አራሚ፣
በሰነድ የሰባተኛው ፎቅ የጋራ ባለንብረት

ግልባጭ፦
ለዶክተሩ፣ አድራሻው ሲገኝ
ለአሸዋው ጥበቃ
ለመዝገብ፣ ከነስህተቱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት እህቴ ንብረታችንን ካላሳየኸኝ ብላ አስቸገረችኝ። ስለ ሕንፃው ያወቅሁትን ሁሉ አልነገርኳትም ነበር፤ ለመናገር ቀን ስፈልግ ቀኑ ሄዶብኛል። በአውቶቡስ ወሰድኳት። መንገዱን ተሻግረን ቆምን፤ የጠፋውን ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና በሌላው ወደ ላይ አየች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ በጣቷ ቆጠረች። «የኛው የቱ ነው?» አለችኝ። ከዚያ በላይ ያለው ነው አልኳት። አንገቷን ቀና እንዳደረገች ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ «ውይ ጉዴ፣ ዓይኔ ይሄን ያህል ብሶበታል እንዴ፣ ምንም አይታየኝም» አለችኝ። ዕድሜ ልኬን የሰው ስህተት ሳርም የኖርኩት ሰው ይህንን አላረምኩትም፤ እጇን ይዤ ወደ አውቶቡሱ መለስኳት። መንገድ ላይ፣ ያን የሚያህል ፎቅ ስለገዛችሁልን ምስጋናዋን እንዳደርስላት አደራ ብላኛለች፤ እነሆ አድርሻለሁ። ስለዚህ ሌሊቱን መስጠት ቢከብዳችሁ አትጨነቁ። ሐኪሙ እንደሚለው ስድስት ወር ብቻ ብትታገሡ፣ ሕንፃው አለመሠራቱን በዓይኗ አይታ ልትመሰክርባችሁ የምትችል አንዲት አባል ትቀንስላችኋለች።